ከ«አከም» ቀጥሎ የሚመጣው፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጎረቤትን ሰላምታ መማር

በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት የኦሮሚያ ከተሞች፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው አዳማ ጀምሮ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ ላይ ተራ በተራ እስከሚገኙት እስከ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ድረስ፣ የሰፉት በባቡር ሐዲድ፣ በመኪና መንገድ፣ በእርሻ ልማትና በገበያ ዙሪያ በመሆኑ፣ ነዋሪዎቻቸው የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከአንድ ቧንቧ ውኃ የሚቀዱና በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ቤተሰቦች በየቤታቸው ሦስትና አራት ቋንቋ ሲነጋገሩ መስማት በእነዚህ ከተሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚህ የቋንቋ ሀብት ውስጥ ትንሹንና በቀላሉ የሚያዘውን ክፍል፣ ማለትም ሰላምታን ነው። የሚከራከረውም ሰላምታ መማር አንድ ቃል መሸምደድ ሳይሆን ጥያቄውን፣ ምላሹንና የአክብሮቱን አነጋገር አብሮ መያዝ እንደ ሆነ፣ ይህንንም የመማር ሸክም እስካሁን በአብዛኛው የተሸከመው አንዱ ወገን ብቻ እንደ ነበረ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአዳማ ታሪክ ራሱ የቋንቋ ታሪክ ነው። የከተማዋ ስም «አዳሚ» ከሚለው፣ ቁልቋልን ከሚያመለክተው የአፋን ኦሮሞ ቃል እንደ መጣ ይነገራል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ በደረሰበት በ1917 አካባቢ አዳማ የባቡር ጣቢያ ሆና ማደግ ጀመረች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ስም ሰየሟት፤ በ2000 ደግሞ ስሟ በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰ፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 2005 ድረስም የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ሆና አገለገለች። ዕድሜያቸው የገፋ ነዋሪዎች ዛሬም በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለቱንም ስም ሲጠሩ ይሰማሉ። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ወንጂ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ሲጀምር፣ አገዳ ቆራጮቹና የፋብሪካ ሠራተኞቹ በብዛት የመጡት ከከምባታና ከሐዲያ በመሆኑ፣ በኦሮሞ ምድር መካከል ከምባትኛና ሐዲይኛ የሚነገርባቸው የሠራተኛ መንደሮች ተፈጠሩ። የጉራጌና የስልጤ ነጋዴ፣ ከሸዋና ከምንጃር የወረደው አማራ፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያሽከረክረው ሾፌር፣ በአገር ግዛት ዘመን የተመደበው የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉም የየራሱን አነጋገር ይዞ መጣ።

የ2007ቱ የሕዝብና የቤት ቆጠራ የአዳማን ነዋሪ 220,212 አድርሶ ሲመዘግብ፣ በብሔር ረገድ ኦሮሞዎች ቀዳሚውን ቁጥር የያዙ ቢሆንም፣ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ እንደ ሆነ የተናገሩት ከነዋሪው ከግማሽ በላይ፣ አፋን ኦሮሞ እንደ ሆነ የተናገሩት ግን ከሩብ ብዙ ያልራቁ ነበሩ። ይህ ልዩነት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ብሔርና አፍ መፍቻ ቋንቋ በከተማ ውስጥ አንድ ሆነው እንደማይገኙ፣ ከተሜው በአማርኛ እንዳደገና የዙሪያው ገጠር ግን በአፋን ኦሮሞ እንደሚኖር የሚያሳይ ነው። ጠዋት ጠዋት እህል፣ ወተት፣ ማገዶና አትክልት ይዞ ወደ ከተማ የሚገባው ገበሬ እና ያንን ገዝቶ የሚበላው ከተሜ የሚገናኙት በዚሁ ልዩነት ድንበር ላይ ነው።

ድንበሩ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የአዳማ መናኸሪያ ነው። ጎህ ሲቀድ ረዳቶች የአሰላን፣ የመተሐራን፣ የአዲስ አበባንና የሻሸመኔን ስም እየጠሩ ተሳፋሪ በሚያሰባስቡበት ሰዓት፣ አንድ ረዳት ነጠላ ለለበሱ እናት «እንደምን አደሩ እናቴ»፣ ቆብ ላደረጉ የአርሲ ሽማግሌ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ዱላ ለያዘ የከረዩ ጎልማሳ ደግሞ «አከም ቡልቴ» እያለ፣ ሦስቱንም ለማሰብ ሳይቆም ሲያሳፍር ይታያል። በዚህ ረገድ ረዳቶችና የባጃጅ ሾፌሮች ከብዙ የቢሮ ሰው የላቁ የሰላምታ ሊቃውንት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሰላምታ ለእነርሱ የእንጀራ ጉዳይ ነውና። ሆኖም የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ በመሆኑ፣ ሽማግሌው መልሰው የልጆችንና የከብቱን ደኅንነት መጠየቅ ሲጀምሩ ንግግሩ ወደ አማርኛ ይዞራል ወይም በፈገግታ ይቋረጣል።

የሰላምታ ቅርጽ

የሰው ልጅን ባህል ያጠና የነበረው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ ለማስተላለፍ ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማስተሳሰር ብቻ የሚነገረውን ንግግር ፋቲክ ብሎ ሰይሞታል፤ ስለ አየሩ ሁኔታ፣ ስለ ጤንነት፣ ስለ መንገድ የሚነሡ አጫጭር ቃላት በዚህ ክፍል ይመደባሉ። አሳቡ በሥነ ልሳን ሰፊ ተቀባይነት ቢያገኝም፣ በኢትዮጵያ ላይ እንዳለ ሲጫን ጥቂት ይጠባል። በኢትዮጵያ «እንደምን ሰነበቱ» የሚለው ጥያቄ መረጃ የማይፈልግ ባዶ ቀመር የሚሆነው በየቀኑ ለሚተያዩ ሰዎች ነው፤ ለአንድ ሳምንት ያልተያዩ ሁለት ሰዎች ሲጠያየቁ ግን ጥያቄው መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ ነው፤ ሕመም ካለ፣ ለቅሶ ካለ፣ ከብት ከሞተ፣ ዝናብ ከቀረ የሚነገረው ከሰላምታው መካከል ነው። በሴኔጋል በሚነገረው በወሎፍ ቋንቋ ላይ ጁዲት ኧርቫይን በ1974 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰላምታን ቀድሞ የሚጀምር ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ሰዎችም ይህን እያወቁ ለጥቅማቸው እንደሚጠቀሙበት አሳይታለች። በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ማን ማንን ቀድሞ ሰላም ይላል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ወጣት ሽማግሌን፣ መጪ ተቀማጭን ይቀድማል፤ በእስልምና ሥርዓትም በከብት ወይም በመኪና ላይ ያለ እግረኛን፣ እግረኛ ተቀማጭን፣ ጥቂቶች ብዙዎችን ቀድመው ሰላም እንዲሉ ይመከራል።

የእነዚህን ሕዝቦች ሰላምታ ለሚማር ሰው መልካሙ ዜና ቅርጹ የጋራ መሆኑ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ የጉራጌ ቋንቋዎችና ስልጥኛ ሴማዊ ሲሆኑ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ፣ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከኩሻዊው፣ ወላይትኛ ደግሞ ከኦሞአዊው ቤተሰብ ይመደባሉ፤ በዘር ሐረግ የተራራቁ ናቸው። ነገር ግን አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በረጅም ጉርብትና ምክንያት የእነዚህ ቋንቋዎች ሰዋስው እርስ በርስ ተመሳስሎ አገሪቱ አንድ «የቋንቋ ቀጣና» ሆናለች፤ ግሥ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መምጣቱ፣ እንደ ጠ፣ ጨ እና ቀ ያሉት ጠበቅ ብለው የሚፈነዱ ድምፆች፣ እንዲሁም ድርጊትን ከድርጊት የሚያያይዘው ቦዝ አንቀጽ በአብዛኞቹ ውስጥ ይገኛሉ። ፈርጉሰን በዝርዝር ያልሄደበት ሰላምታም ከዚህ ውርስ አንዱ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። አማርኛ «አደረ»፣ «ዋለ»፣ «ሰነበተ» እያለ ሰላምታውን በጊዜ ማሳለፊያ ግሦች ላይ እንደሚያቆም ሁሉ፣ ትግርኛም «ሓደረ»፣ «ወዓለ»፣ «ቀነየ» ይላል፤ አፋን ኦሮሞም «ቡል» (ማደር)፣ «ኦል» (መዋል)፣ «ቱር» (መቆየት ወይም መሰንበት) በሚሉ ግሦች ይጠይቃል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው አዲስ አስተሳሰብ ሳይሆን አዲስ ድምፅ ብቻ ነው የሚማረው።

በአፋን ኦሮሞ የጠዋቱ ጥያቄ ለእኩያ ወይም ለታናሽ «አከም ቡልቴ?»፣ ለታላቅ ወይም ለብዙ ሰው «አከም ቡልተን?» ነው። ከቀትር በኋላና ወደ ማታ «አከም ኦልቴ?»፣ «አከም ኦልተን?» ይባላል፤ ለተወሰኑ ቀናት ላልተያየ ሰው «አከም ቱርቴ?»፣ «አከም ቱርተን?»፤ ጊዜ ሳይለይ በማናቸውም ሰዓት ደግሞ «አከም ጂርተ?»፣ በአክብሮት «አከም ጂርቱ?» ይሠራል። ምላሹ «ነጋ» ነው፤ ቃሉ ሰላም ማለት ሲሆን «ደኅና ነኝ»ን ተክቶ ያገለግላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ብዙ ጀማሪዎች የሚያቋርጡት ክፍል ነው። ከአርሲ ወይም ከሉሜ ገጠር የመጡ ሁለት ሰዎች በአዳማ የእህል ተራ ቢገናኙ፣ አንዱ «ኢጆሌን ነጋዸ?» (ልጆቹ ደኅና ናቸው?) ሲል ሌላው «ነጋ»፣ «ሆሪን ነጋዸ?» (ከብቱስ?) ሲል «ነጋ»፣ «መኒ ነጋዸ?» (ቤቱስ?) ሲል «ነጋ» እያለ ይመልስለታል፤ ክርስቲያኑ «ገለተ ዋቃ»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ምስጋናውን ያክልበታል፤ ከዚያም ተራው ይዞርና ተጠያቂው ጠያቂ ይሆናል። ሲለያዩ «ነጋን ኦላ» (ደኅና ዋሉ) ወይም «ነጋን ቡላ» (ደኅና እደሩ) ይባባላሉ። ይህን ሁሉ ለመያዝ የሚያስፈልገው ከሃያ ያልበለጠ ቃል ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሊያውቀው የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በአዳማ ተወልደው አርባና ሃምሳ ዓመት ከኖሩት ብዙዎቹ ከ«አከም» አልፈው አለመሄዳቸው የሚያስገርም ነው።

ድምፅና ፊደል

እዚህ ላይ ስለ አጻጻፉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አፋን ኦሮሞ አምስት አጫጭርና አምስት ረጃጅም አናባቢዎች አሉት፤ የአናባቢው መርዘም ትርጉም ይለውጣል። በግእዝ ፊደል በተጻፉት የቆዩ የኦሮምኛ መጻሕፍት የተለመደው መንገድ አጭሩን የ«አ» ድምፅ በመጀመሪያው ሆሄ፣ ረጅሙን በራብዕ መጻፍ በመሆኑ፣ በዚህም ጽሑፍ ያው ልማድ ተጠብቋል፤ ስለዚህ «ለፈ» ምድር ሲሆን «ላፋ» ለስላሳ ማለት ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ጥብቀት ነው። በአማርኛ «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ትርጉሙ እንደሚለያይ ሁሉ፣ በአፋን ኦሮሞም «በዳ» ላልቶ መጥፎ፣ ጠብቆ ደጋ ማለት ይሆናል፤ የሚማረው ሰው «አከም» ሲል ከ«ም» ቀድሞ ላለው አናባቢ ሳይሆን ለ«ከ» ጥብቀት ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። ሦስተኛውና ለአማርኛ ተናጋሪ በእርግጥ አዲስ የሆነው ድምፅ «ዸ» ነው፤ የምላስን ጫፍ ወደ ላይኛው የአፍ ጣሪያ አጥፎ፣ አየርን ወደ ውጪ ከመግፋት ይልቅ ወደ ውስጥ ሳብ በማድረግ ይነገራል። «ኮታ ቡነ ዹጋ» (ኑ ቡና ጠጡ) የሚለው የጎረቤት ጥሪ ከዚህ ድምፅ ጋር ለመለማመድ ምቹ ነው፤ ቡና የሚያፈሉት እናቶችም በተሳሳተው ሰው ላይ ስቀው ማረማቸው የተለመደ ነው።

የግእዝ ፊደል ጥብቀትን አለማመልከቱና አብዛኞቹን አናባቢዎች በርዝመት አለመለየቱ፣ አፋን ኦሮሞ በ1991 ቁቤ የተባለውን በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ ሥርዓተ ጽሕፈት በይፋ እንዲቀበል ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳል። ከዚያ በፊት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 ያሳተሙት የፊደል መማሪያ፣ በ1899 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም በግእዝ ፊደል ነበሩ። ይህ ታሪክ ለዛሬው ተማሪ አንድ ተግባራዊ ትምህርት አለው፤ ሰላምታን በአማርኛ ፊደል ጽፎ ማጥናት ለመነሻ ይበቃል፤ ትክክለኛውን ድምፅ ለማግኘት ግን የቁቤን ጽሕፈት ማየትና ከሰው አፍ መስማት ግድ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዳማ የሚገኘው የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ በየዕለቱ በአፋን ኦሮሞ የሚያሰራጨው ዜና በሰላምታ ስለሚጀምር፣ ለከተማዋ ነዋሪ በነፃ የቀረበ የድምፅ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

አክብሮትና ፆታ

አማርኛ ለሁለተኛ ሰው አራት መንገድ አለው፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ። ወንድና ሴትን በነጠላ ይለያል፤ ለክብር ደግሞ የተለየ ተውላጠ ስም አበጅቷል። አፋን ኦሮሞ በሁለተኛ ሰው ፆታን አይለይም፤ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በሸዋና በወለጋ አነጋገር ለክብር የሚያገለግለው የብዙ ቁጥሩ «ኢሲን» ነው። ከዚህ የሚከተለው ውጤት በሁለቱም አቅጣጫ የሚታይ ነው። አማርኛ በጎልማሳነቱ የተማረ ኦሮሞ ገበሬ ሴትን «አንተ» ቢል፣ ስህተቱ የንቀት ሳይሆን የቋንቋው ነው፤ ከተሜው ግን በዚህ ሲስቅ ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ለአንድ አዛውንት «አከም ቡልቴ» ሲል፣ በአማርኛ ስድሳ ዓመት የሞላቸውን ሰው «እንዴት አደርክ» እንዳለ ያህል ነው፤ አዛውንቱ ከልጅነት የመጣ ድፍረት ሳይሆን አለማወቅ መሆኑን ስለሚረዱ ዝም ይላሉ። ለማያውቁት ታላቅ ሰው ሁልጊዜ በ«ተን» የሚጨርሰውን መያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ከስም በፊትም ለወንድ «ኦቦ»፣ ለሴት «አዴ» ማለት አቶና ወይዘሮን ይተካል።

ቃል ብቻውን ሰላምታ አይሆንም። በአርሲና በምሥራቅ ኦሮሞዎች ዘንድ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እርስ በርስ እጅ የሚሳሳሙበት ልማድ አለ፤ በክርስቲያኑ ደጋ ደግሞ ጉንጭ መሳምና ትከሻ ለትከሻ መነካካት ይበዛል፤ ቀኝ እጅን ሲዘረጉ በግራ እጅ ክንድን መደገፍ በሁሉም ዘንድ የአክብሮት ምልክት ነው። ለብዙ ሙስሊም ሴቶች ከማያውቁት ወንድ ጋር መጨባበጥ አይገባም፤ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ በቃል ሰላም ማለት ይበቃል፤ እጅ ዘርግቶ ያጣ ሰውም ቅር ሊሰኝ አይገባውም።

ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወርደው መንገድ ላይ ሰላምታው እየተባዛ ይሄዳል። በመቂና በባቱ ዙሪያ የሽንኩርትና የቲማቲም መስኖዎች፣ በባቱም ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፉት የአበባ እርሻዎች ከወላይታ፣ ከሐዲያና ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ብዙ ወጣቶችን ስለ ሳቡ፣ በአንድ የሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ የወላይትኛው «ሳሮ»፣ የሐዲይኛውና የከምባትኛው «ጡማ»፣ የአፋን ኦሮሞው «ነጋ» በአንድ ጠዋት ሲለዋወጡ መስማት ይቻላል። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ደግሞ ዛይ የተባለው ጥቂት ሺህ ሕዝብ ይኖራል፤ ቋንቋው ለስልጥኛና ለሐረሪ የሚቀርብ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ወደ ሐይቁ ዳርቻ የተሻገሩት ዛዮች ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር በአፋን ኦሮሞ ስለሚነጋገሩ፣ በባቱ ከተማ በዛይኛ ሰላም የሚላቸው እንግዳ ማግኘታቸው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ሻሸመኔ የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የወላይታ ሶዶና የባሌ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ ከሁሉም የሰፋ ቅልቅል አላት። የሲዳማው «ኬሬ» እንደ «ነጋ» ሁሉ ሰላምና ደኅንነትን የሚጠቅስ ነው፤ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት በ2015 በተመዘገበው የፊቼ ጫምባላላ በዓል ወቅት ደግሞ ሰዎች «አይዴ ጫምባላላ» እየተባባሉ እንኳን አደረሰህ ይላሉ። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ወላይታዎች «ዮዮ ጊፋታ» ይላሉ፤ ብዙ ሳይቆይ በቢሾፍቱ ሆረ አርሰዲ ሐይቅ ኢሬቻ ሲከበር «በገ ነጋን ጌሰን» ማለትም «እንኳን በሰላም አደረሳችሁ» ይሰማል። የበዓል ሰላምታ ለጀማሪ ከዕለታዊው ይቀላል፤ አንድ ጊዜ ተነግሮ ያበቃል፣ ተከታይ ጥያቄ የለውም፣ የሚሰጠው ደስታ ግን ከዕለታዊው አያንስም። በዚህችው ከተማ ዳር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ለአፍሪካ ዝርያዎች በሰጡት 200 ሄክታር መሬት ላይ የሠፈሩት፣ በአብዛኛው ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ራስ ተፈሪያን ይኖራሉ፤ እነርሱ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ መጀመሪያ የተማሩት ሰላምታ የአማርኛው እንደ ነበረ፣ በገበያ ግን የአፋን ኦሮሞው እንደሚያስፈልጋቸው ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም ማለት ይቻላል።

ማን የማንን ቋንቋ ይማራል

በ1960ዎቹ መጨረሻ በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተካሄደውና ውጤቱ በ1976 በመጽሐፍ የወጣው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት፣ ሮበርት ኩፐርና ባልደረቦቹ በገበያዎች ውስጥ ሻጭና ገዢ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ የተከታተሉበት ክፍል አለው። ግኝታቸው ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ቅርብ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ያስወገደ አንድ የንግድ ቋንቋ አላገኙም፤ ይልቁንም ሰዎች የተለያዩ ቋንቋዎችን እየተጠቀሙ ይገበያዩ ነበር። ከገበያ ውጪ ግን ሁኔታው ሌላ ነበር። በዘውዱ ዘመን የትምህርት ቤቱ፣ የፍርድ ቤቱና የመንግሥት ቢሮው ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ አርሲ ውስጥ ክስ ያለበት ገበሬ አማርኛ መማር ወይም አስተርጓሚ መያዝ ነበረበት፤ ዳኛው ግን አፋን ኦሮሞ እንዲያውቅ የሚያስገድደው አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ፣ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲያገኙ መደንገጉ፣ በ2020ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ መወሰኑ የሕጉን ሚዛን ቀይሮታል። የጎረቤት ሚዛን ግን በሕግ አይቀየርም። በአዳማ ዛሬም ከገጠር የመጣችው እናት ሆስፒታል ገብታ ሕመሟን በተሰበረ አማርኛ ለማስረዳት ስትታገል፣ በከተማው ተወልዶ ያደገው ብዙው ሰው በአፋን ኦሮሞ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም። ለዚህ ሰውየውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ያደገበት ትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ ሆኖም ዛሬ ሊማር የሚፈልግ ሰው የሚከለክለው ነገር የለም።

በተቃራኒው አንድ ስህተትም አለ፤ እርሱም የሰውን መልክ፣ አለባበስ ወይም ስም አይቶ ቋንቋውን መገመት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የቆጠራ ውጤት እንደሚያሳየው በአዳማ ብዙ ኦሮሞዎች በአማርኛ ያደጉ ናቸው፤ በአፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር የጉራጌ ነጋዴም ጥቂት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በተከሰቱ ግጭቶች ምክንያት በማንነት መፈረጅ ለብዙዎች ፍርሃት የሚቀሰቅስ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ያልታወቀን ሰው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በግምት ወደ አንድ ወገን መመደብ ከመልካም ሰላምታ ይርቃል። የሚሻለው መንገድ ቀላል ነው፤ በሚያውቁት ቋንቋ ሰላም ማለት፣ ሰውየው ከሌሎች ጋር በምን እንደሚነጋገር ማዳመጥ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ቀን በዚያ ቋንቋ መሞከር።

ለጎረቤት ከሰላምታው በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ሰው ሲታመምና ሲሞት ነው። በአንድ ዕድር ውስጥ ሆኖ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ባህሉ ቢፈቅድም፣ «ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» (እግዚአብሔር ያጽናችሁ) ማለት የሚችል ጎረቤት ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ነገር የተለየ ነው፤ ለታመመ ሰው «ረቢ ኢሲን ሃ ፈይሱ» (አላህ ይማርዎ) ማለትም እንዲሁ። ሁለቱን ቃላት የሚማር ሰው፣ ክርስቲያኑ ኦሮሞ በብዛት «ዋቀዮ»፣ ሙስሊሙ «ረቢ» እንደሚል ማስታወስ ይገባዋል።

ስለዚህ በአዳማ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሚኖር፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር አንባቢ፣ በመጀመሪያ የግቢውን ወይም የሰፈሩን ሰው «እናንተ ዘንድ ጠዋት እንዴት ይባላል? ምላሹስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከአንድ ቋንቋ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ምላሽ፣ አንድ የአክብሮት አጠራርና አንድ የለቅሶ ቃል ይያዝ፤ ሲሳሳት ሲያርሙት ቅር አይበለው። የጤና ጣቢያ፣ የቀበሌና የመናኸሪያ ኃላፊዎችም ሠራተኞቻቸው ባለ ጉዳዩን በራሱ ቋንቋ «አከም ቡልተን» ብለው እንዲቀበሉ ቢያሠለጥኑ፣ ለዚህ ልዩ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ አስተማሪዎቹ በየቢሮው በር ላይ ተራ እየጠበቁ ያሉት ባለ ጉዳዮች ራሳቸው ናቸው።